ሳይጠይቁ መሰለፍ

ከሱቅ የተመለሰ ዕቃ በፓሌት፣ በእንጨት መደብ ላይ እንደተቆለለ፣ የሚገዛ ሰው ከላይ የተደረደረውን ካርቶን አያምንም። ከላይ አዲስ ብሌንደር ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉም የግራ እግር የሆነ ጫማ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ኦቤትስ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ተራ ስንጠብቅ ይህን የማያውቅ አዲስ ገዢ አይጠፋም። አልነግረውም። ለእኔም የነገረኝ አልነበረም።

ባለፈው ጥቅምት ከእነዚያ ማክሰኞዎች በአንዱ፣ ፓሌቶቼን የሚጭንልኝ ሩስታም የሚባል ኡዝቤክ የትራክ ሾፌር አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠበቀኝ። ሲመጣ ይቅርታ በማለት ፋንታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር የመኪናዬ ኮፈን ላይ አስቀመጠ። ክብ ዳቦ ነው፤ መሃሉ ጠፍጣፋ፣ በመርፌ የተጠቀጠቀ ጌጥ ያለው፣ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት። ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር የሚኖር የአገሩ ልጅ ጋራዡ ውስጥ የሸክላ ምድጃ ሠርቶ እንደሚጋግረው ነገረኝ። ጨርቁን ገለጥ ሳደርገው ሽታው መጣ። ትኩስ ሊጥ፣ አዝሙድ፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ የልብስ ሳሙና፤ ሳሙናው ከጨርቁ ነው። ሳላስበው በሩሲያኛ፣ "የዛሬ ነው የትናንት?" አልኩት።

ሩስታም የያዘውን ገመድ ለቀቀ። ቋንቋውን ከየት አመጣሽው አለኝ። ከታሽከንት ስለው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። የመንገዱን ዳር ቦይ፣ የገበያውን ሰማያዊ ጉልላት ስነግረው ሳቁን ተወ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጭነት የሚጠይቀኝ ዋጋ ቀነስ ብሏል። ልጅነት አንዳንዴ ያተርፋል። የታሽከንቱ የመጨረሻ ዓመት ግን አላተረፈም፤ የከሰረውም ሰው እኔ አልነበርኩም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ግርማ የመስኖ ምሕንድስና እንዲያጠና መንግሥት ልኮት ነው ታሽከንት የገባው፤ እናቴ ዘነበችና እኔ ዘግይተን ተከተልነው። የምንኖረው ባለትዳር ተማሪዎች የሚያድሩበት ሕንፃ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል ነበር። ማድ ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ለስምንት ቤተሰብ ነው። አልጋዬ ከመጋረጃ ጀርባ ስለሆነ፣ ወላጆቼ ልጅ እንዳይሰማ የሚሉትን ሁሉ የምሰማው ተኝቼ ነው። መስማት ግን መረዳት አይደለም።

የሕንፃው በር ላይ ራያ የምትባል ታታር አሮጊት ትቀመጣለች። ክረምት ከበጋ የሱፍ ሰደርያ ለብሳ፣ ከኋላዋ የሁላችንም ቁልፍ በምስማር ተሰቅሎ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን እንግዳ አሳደረ፣ እሷ ታውቃለች። አንድ ሰው መታወቂያውን ቢረሳ፣ ስሙን እያወቀች፣ ልጁን ትናንት ስታጫውት ውላ፣ ማን ነህ ትለዋለች። እናቴ በአገራችን ወግ "እትዬ ራያ" ብላ ጠራቻት፤ ሕንፃው ውስጥ ያለን ሐበሾች ሁሉ ተከተልን፤ ቆይቶ አንድ የየመን ተማሪ "እትዬ፣ እትዬ" እያለ ቁልፍ ሲለምናት ሰምቻለሁ።

ለእኔ የዚያ አገር መንግሥት እሷ ነበረች። ሌላ መንግሥት አላየሁም።

በግንቦት የአገራችን መንግሥት ወደቀ። አባቴና ሦስት ጓደኞቹ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከበው ተቀምጠው አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ሳቀ፣ ሁለቱ ደግሞ ሁለቱንም ተቆጡ። በማግስቱ አባቴ የተማሪዎቹ መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ የተሰቀለውን የመሪውን ፎቶ አውርዶ ወደ ቤት አመጣው። ፎቶውን የት እንዳደረገው አላውቅም። ክፈፉ ግን የዋንዛ እንጨት የመሰለ ጥሩ ክፈፍ ስለነበር እናቴ የእኔን ፎቶ አስገባችበትና ሰቀለችው። የአገር መሪነት እንዲህ በተራ የሚደርስ መስሎኝ ለብዙ ሳምንት ፀጉሬን በደንብ አስበጠርኩ።

ከዚያ ክረምቱ አለፈና የዚያኛውም አገር ተራ ደረሰ። ሰዎች ማድ ቤት ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። አባቴ አንድ ማታ ለእናቴ፣ "እዚህም መንግሥት የሚባል ነገር የለም አሁን" ሲላት ሰማሁ። ጠዋት ሮጬ ወርጄ አየሁ። እትዬ ራያ ቦታዋ ላይ ናት፤ ካልሲ እየሠራች፤ ቁልፎቹም ሁሉም በየምስማራቸው። አባቴ ብዙ መማሩ ነው ይህን ያስባለው ብዬ ተመለስኩ።

ትምህርት ቤት ያን መስከረም የኮሙኒስቱን የልጆች ማኅበር ቀይ ስካርፍ የምናስርበት ተራችን ነበር። አባቴ ቀደም ብሎ ገዝቶልኝ እናቴ ተኩሳ በወረቀት አኑራልኛለች። አስተማሪያችን አንድ ጠዋት ገብታ፣ ከእንግዲህ ስካርፍ የለም፣ ያላችሁም ቤታችሁ አስቀምጡት አለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ ጥቁር ሰሌዳውን ስታጠፋ ግን በጣም ቆየች። ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩ መሰለኝ፤ ባለፈው ሳምንት ቦርሳዬን መሬት ጥዬ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ስካርፉን እናቴ ራሷን ሲያማት ግንባሯን ታስርበት ጀመር። ያን ዓመት ራሷን ብዙ ያማት ነበር።

እናቴ ሙያዋ ሰልፍ ነው። አዲስ አበባ በቀበሌ ሱቅ ዘመን ያደገች ሴት ናት፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጤፍ ሁሉንም ተሰልፋ ነው ያወቀችው። እዚያ ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ቤቱ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ይሰለፍለታል። ታሽከንት በደረሰች ሰሞን ወተት ቤት ደጃፍ ድንጋይ አስቀምጣ ሄዳ ተመልሳ ብትመጣ፣ አንዲት አሮጊት ተቀምጣበት አገኘቻት። "እዚህ አገር ድንጋይ አይከበርም" አለች፤ አዝና ነው ያለችው። እዚህ የሚከበረው የመዳፍ ቁጥር ነው። ከተሰላፊዎቹ አንዷ እርሳስ ታወጣለች፤ ምራቅ ሲነካው ሐምራዊ የሚሆን እርሳስ ነው፤ ስምሽን ወረቀት ላይ ትጽፍና ቁጥርሽን መዳፍሽ ላይ ታትመዋለች። እኛ ሕንፃ አካባቢ እርሳሱ የእትዬ ራያ ነበር። ከጆሮዋ ላይ አይወርድም።

እናቴ ቋንቋው ስላልቀናት የሰልፍ ሥራ ወደ እኔ ዞረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን አስቀምጬ፣ መረብ ዘንቢል ይዤ መሄድ ነው። ትምህርቷን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሰልፍ ካየሽ መጀመሪያ ተሰለፊ፣ የምን እንደሆነ ከዚያ ትጠይቂያለሽ፤ ስትጠይቂ ሦስት ሰው ይቀድምሻል። ልጅ ናት ብለው ሊያስወጡሽ ከሞከሩ፣ አባቴ ልኮኝ ነው፣ እየመጣ ነው በይ። ቁጥርሽን ደግሞ ዕቃው እጅሽ ሳይገባ እንዳትታጠቢው፤ ዛሬ ባይሰጡ ነገ ይሰጣሉ። ለእትዬ ራያ ይህን ብነግራት፣ እናቴ በቀበሌ ሰልፍ የተማረችው መሆኑን ሳታውቅ፣ "እናትሽ የእኛ ሰው ናት" አለች። ከእሷ አፍ ትልቅ ምስጋና ነበር።

መኸሩ ሲገባ የሕንፃው ግማሽ ባዶ ሆነ። የአገሩ ተማሪዎች ሁሉ ጥጥ ለቀማ ዘመቱ። እናቴ አውቶቡሶቹን በመስኮት እያየች፣ እዚህም ዘመቻ አለ እንዴ ብላ ሳቀች፤ ያን ወቅት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ለአባቴ ይመጣ የነበረው የኪስ ገንዘብ ቀረ። የላከው መንግሥት የለም፤ የሚያስተምረውም መንግሥት አለሁ አይልም፣ የለሁም አይልም። ከእናቴ ወንድም ደብዳቤ መጣ። የአባቴ መሥሪያ ቤት በሩ ታሽጓል፤ በድሮው መንግሥት የተላኩትን ቤታችሁ ጠብቁ እያሏቸው ነው ይላል። ወረቀትህን ሳትይዝ እንዳትመጣ፣ ባዶ እጁን የመጣ ሰው የሚያዳምጠው የለም ይላል። ደብዳቤውን ከመጋረጃው ማዶ ጮክ ብሎ ያነበበው አባቴ ነው።

ለመመረቅ የቀረው አምስት ወር ነበር። ስለ ግድብ የጻፈው ጥናት አልቆ፣ መምህራን ፊት ቆሞ መልስ መስጠት ብቻ ቀረው። ጽሑፉ በሁለት ካርቶን መካከል በክር ታስሮ አልጋው ሥር ይቀመጣል፤ አቧራ ስጠርግ እንዳልነካው እጠነቀቃለሁ። እናቴ፣ "ዳቦ ብቻ እየበላን ቢሆንም ወረቀቱን ሳትይዝ ከዚህ ንቅንቅ አንልም" አለችው። አባቴም እሺ አላት። የአባቴ ትምህርት ቤት፣ ወደ አገሩ መሄድ የፈለገ በአውሮፕላን ይሸኛል፣ ይመዝገብ፤ መጨረስ የፈለገ እስከ ፀደይ ክፍሉን ይዞ ይቆያል ብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ምዝገባ ማለት ግን ለእኔ የስኳር ምዝገባ ነው፤ ሌላ ምዝገባ አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ለስኳር ላከችኝ። ስኳር በኩፖን የሚያድለው ሱቅ ደጃፍ ሰልፉ ማዕዘኑን ዞሮ ቦዩን ተሻግሯል። ስቆጥር ሰባ ምናምን ሰው ነው፤ አጠር ያለ ሰልፍ ልፈልግ አልኩ። መንገዱን ተሻግሬ በአባቴ ትምህርት ቤት ግቢ ሳቋርጥ አንድ በር ላይ ሌላ ሰልፍ አየሁ።

ሦስት ሰው ብቻ።

ያን ዓመት ሦስት ሰው ያለበት ሰልፍ ማየት መሬት ላይ ወርቅ ማየት ነው። አልጠየቅኩም። ሮጬ አራተኛ ሆንኩ። ከፊቴ ያሉት ሁለት አረቦችና አንድ ከየት እንደሆነ ያላወቅኩት ጥቁር ተማሪ ናቸው፤ ሦስቱም ጫማቸውን አሳምረው ጠርገዋል። ጥሩ ዕቃ ቢሆን ነው አልኩ፤ ለስኳር ማን ጫማ ይጠርጋል። ቅቤ ይሆናል፣ ምናልባት ሥጋ።

ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ ይጽፋል። ተራዬ ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። ማን ላከሽ አለ። አባቴ አልኩት፣ እየመጣ ነው አልኩት፣ እንደተማርኩት። የክፍል ቁጥር ጠየቀኝ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ስንት ናችሁ? ይኼኔ ትንሽ አሰብኩ፤ ኩፖን በነፍስ ወከፍ ስለሆነ አዲስ አበባ ያለችውን አክስቴን ልጨምር ነበር። ፈራሁና ሦስት አልኩ። መቼ ነው የሚሰጡት አልኩት። ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል አለኝ። ልክ እንደ ስኳር። መዳፌን ዘርግቼ ቆምኩ። ወጣቱ ግራ ገባው፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ ከወረቀቱ ላይ ቁጥሬን አይቶ በብዕር ፋንታ አንድ እርሳስ ከኩባያ አነሳና ምላሱን አስነክቶ አራት ብሎ ጻፈልኝ። ጥሩ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ አልጠላሁትም።

ስኳሩ ሳይደርሰኝ አለቀ። እናቴ ተቆጣች፤ እኔ ግን መዳፌን ጨብጬ ደበቅኩ። ሥጋው ሲመጣ ድንገት ላስገርማት ነው ያሰብኩት። ቀኝ እጄን ለሦስት ቀን አልታጠብኩም። ቁጥሩ ሲደበዝዝ የትምህርት ቤት እርሳሴን ምራቅ እያስነካሁ ደረብኩበት፤ የእኔ እርሳስ ጥቁር ስለሆነ አራቷ የቆሰለች መሰለች።

በአራተኛው ቀን ዝርዝሩ እታች፣ ከእትዬ ራያ ጀርባ፣ ከቁልፎቹ አጠገብ ተለጠፈ። እናቴ ቆሻሻ ልትደፋ ወርዳ ነበር። ሩሲያኛ ማንበብ አትችልም፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለትን ግን በማንኛውም ቋንቋ ታውቀዋለች። እትዬ ራያን ምንድነው ብላ በእጇ ጠየቀቻት። እትዬ ራያም ሁለት ክንዷን ዘርግታ እንደ አውሮፕላን ወዘወዘቻቸው።

አባቴ ቀድሟት አይቶት ኖሮ የምዝገባው ቢሮ ሄዶ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ እናቴ ባዶ ባልዲዋን እንደያዘች ክፍሉ መሃል ቆማለች። እኔ አልጋዬ ላይ ነኝ። ኮቱን አላወለቀም። መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ ፊቴን ሳይሆን የተጨበጠ እጄን።

"ግርማ፣ ስማችን ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?" አለችው።

አባቴ ወደ እሷ ዞረ። "ዝርዝሩ ሞስኮ ተልኳል። ክፍሉንም ለሌላ ሰው ሰጥተውታል" አለ።

"እሱን አልጠየቅኩህም። ማነው ያስመዘገበን?"

"እኔ ነኝ።"

እናቴ ባልዲውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ብትወረውረው ይሻል ነበር። "ፈራህ" አለችው።

"ፈራሁ" አላት።

ከዚያ መጥቶ እጄን ይዞ በኮሪደሩ ወደ መታጠቢያው ወሰደኝ። ቡናማውን የልብስ ሳሙና አንስቶ መዳፌን ማሸት ጀመረ። ያ እርሳስ ውሃ ሲነካው እየደመቀ ነው የሚሄደው፤ መዳፌ ሁሉ ሐምራዊ ሆነ፣ የእሱም ጣቶች። ዕቃው ገና አልተሰጠንም እኮ አልኩት። አልሳቀም። እያሸ፣ ዓይኑን ከእጄ ላይ ሳያነሳ፣ "ሰኒ፣ ሁለተኛ ሳትጠይቂ አትሰለፊ" አለኝ። ለእናትሽ አትንገሪ አላለኝም። ስላላለኝ ነው ያልነገርኳት ብል ዋሽቼ ነው፤ ባልዲው መሬት ሲነካ የሰማሁት ድምፅ ነው ያላስነገረኝ።

የሄድን ዕለት ጠዋት ሻንጣችንን ይዘን ስንወርድ በሩ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ወጣት ናት፤ ሰደርያ የላትም፤ ቁልፎቹም በካርቶን ውስጥ ተከምረዋል። እትዬ ራያ ልጇ ጋ፣ ወደ ሰሜን ጠቅልላ ሄደች አሉን። ቆሜ አየሁ። አባቴ ያለው እውነት መሆኑን ያኔ አመንኩ፤ መንግሥት የሚባል ነገር የለም። አባቴ ሁለቱን ካርቶንና ክሩን በብብቱ ይዞ፣ እናቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ቀይ ስካርፌን ግንባሯ ላይ አስራ።

ከዚያ በኋላ የኖርነው ኑሮ እንደ ማንም ነው፤ እዘለዋለሁ። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ወረቀቱን ሳይዝ ነው የሞተው። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።

ያን ማክሰኞ የሩስታምን ዳቦ ቤት ይዤ ገባሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ማድ ቤት ነበር፤ ቆርሶ ቀመሰና "ኢትስ ጉድ" ብሎ ሌላ ቆረሰ። እናቴ ሽታውን ስትስበው አየኋት፤ ምንም ሳልነግራት አወቀችው። አንድ ቁራሽ አፏ ውስጥ አድርጋ እያኘከች፣ ለልጁ በአማርኛ፣ እሱ እንደሚሰማ እንደማይሰማ ሳትጨነቅ፣ "አያትህ ባይፈራ ኖሮ ኢንጂነር ነበር። ፈሪ ነበር አያትህ" አለችው።

አባቴን ስትወቅሰው ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ለእናቴ ሐዘን ማለት ወቀሳ ነው፤ ካልወቀሰችው ረሳችው ማለት ነው። ልጄ ግን ማኘኩን አቁሞ ተመለከታት። "ግራንድፓ?" አለ። እኔ አትርፌ መሸጥ የምችል፣ ከሥር ያለውን ለማንም የማልነግር ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን አልቻልኩም።

"እማዬ" አልኳት። "እሱ አይደለም ያስመዘገበን። እኔ ነኝ። ለስኳር የላክሽኝ ቀን።"

ማኘኳን አላቆመችም። ዳቦው ጠንካራ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። ከዋጠች በኋላ፣ "ቁጥርሽ ስንት ነበር?" አለችኝ።

"አራት።"

"ከፊትሽ ሦስት ሰው ብቻ?"

"ሦስት ብቻ።"

ከጨርቁ ላይ ፍርፋሪ ለቀመች። "እኔም እሰለፍ ነበር" አለች። ከዚያ፣ "እሱ ያውቅ ነበር?"

"እሱ ነው እጄን ያጠበኝ።"

እናቴ የተረፈውን ዳቦ በጨርቁ ጠቀለለችው፤ አንዴ ጠቅልላ እንደገና ፈታ ጠቀለለችው። ተነሳችና ወደ ቧንቧው ሄዳ ውሃውን ከፈተች። ሳሙናውን አንስታ እጇን ታጠበች፤ አለቅልቃ እንደገና ታጠበች። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እጇ ላይ ምንም አልነበረም።